ካዝና የገባው ጫማ

ወይዘሮ ታንጉት ማለዳ እንደ ልማዷ ከአልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ እግሯን ወደ ታች ብትሰድ ጫማዋ የለም። ጎንበስ ብላ በእጇ ዳበሰች፤ የለም። ከሣጥኑ ኋላ አየች፣ ከበሩ ጀርባ አየች፣ ነጠላዋ ከሚንጠለጠልበት ሚስማር ሥር አየች፤ የክት ጫማዋ ሳይቀር ድራሹ ጠፍቷል። ሌባ ገብቷል እንዳትል ሣጥኑ እንደተቆለፈ ነው። ምራቷን ሙሉብርሃንን ተጣርታ ብትጠይቃት፣ ሙሉብርሃን የበሩን መቃን ይዛ ወለል ወለሉን እያየች "አሸብር ነው እማማ። ማታ እርስዎ ሲተኙ ይዞት ወጣ" አለቻት። የት ወሰደው? ሱቅ። ሱቅ ወስዶ ምን ሊያደርገው? ካዝና ውስጥ ሊቆልፍበት። እንግዲህ ፍረዱ። ብር የሚቀመጥበት፣ የቤት ካርታ የሚቀመጥበት የብረት ካዝና የእናት ጫማ ተቆለፈበት። ሦስት ወልዳ ሁለቱን ቀብራ በቀረላት በአንድ ልጇ፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ፣ ታንጉት እንደ ዘዋሪ ልጅ ከቤት እንዳትወጣ ተደረገች።

ወንጀሏ በእግር መሄድ ነው። ሌላ ምንም የለባትም። ባሏ ካሳ ባለፈው ታኅሣሥ፣ ሱቁ ውስጥ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ፣ የጣቃ ጨርቅ ጭኑ ላይ እንደዘረጋ ሞተ። እስከ አርባው ድረስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ከረመ። ከአርባው በኋላ ሰዉ ወደየጉዳዩ ሲመለስ ታንጉት ክፍሏ ገብታ ተቀመጠች። ክፍሏ ሦስት በአራት ነው፤ አንዲቷ መስኮት የምትከፈተው ከጎረቤት የቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ነው። ያንን ግድግዳ እያየች ስምንት ወር ተቀመጠች። እግሯ አበጠ፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ እንደተጎደጎደ ይቀራል። እንቅልፍ ጥሏት ሄደ። አቡነ ዘበሰማያት ጀምራ መሐል ላይ ቃሉ ይጠፋባታል፤ እንደገና ትጀምራለች፣ እዚያው ላይ ይጠፋባታል። ጠበል ተረጨች፣ በቅቤ ታሸች፣ ከጎጃም የመጣች አክስት ሥራ ሥር አጠጣቻት። በመጨረሻ አሸብር ፒያሳ ወደሚገኝ አንድ አርመን ሐኪም ወሰዳት። ሐኪሙ አምስት ብሩን ተቀብሎ፣ እግሯን ጫን ጫን አድርጎ፣ ደረቷን አዳምጦ "ቀኑን ሙሉ ምን ትሠሪያለሽ?" አላት። "እቀመጣለሁ" አለችው። "ማታስ?" "ማታም እቀመጣለሁ።" ያኔ ጆሮው ላይ የሰካውን አወለቀና "የሚገድልሽ እሱ ነው። በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት በእግርሽ ሂጂ" አለ። አሸብር መርፌውስ ብሎ ጠየቀ፤ መርፌ የለም ተባለ። ኪኒኑስ? ኪኒንም የለም። እስከ ቤት ድረስ መሪውን በመዳፉ እየመታ "አምስት ብር በልቶ ሂጂ አለን! ይኼንንማ እኔስ በነፃ እላት አልነበር?" ሲል ነበር።

ታንጉት ግን ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ከግቢው በር እስከ መንገዱ ማጠፊያ ሄዳ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይመታ ነበር። በሳምንቱ ማጠፊያውን አለፈች። በወሩ ሲኒማ ራስ ደረሰች። ከዚያ ተክለ ሃይማኖት፣ ከተክለ ሃይማኖት ቁልቁል ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፤ አሁን ድልድዩ ላይ ደርሳ ነው የምትመለሰው። የእግሯ እብጠት ጎደለ። ማታ ራሷን ትራስ ላይ ስታሳርፍ ሳታውቀው ይነጋል። የጠፋባት የጸሎት ቃልም አንድ ቀን ገመድ ሻጮቹ ዘንድ ስትደርስ ድንገት ራሱ መጣላት፤ ከእግሯ እኩል እየረገጠ መጣላት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እንባዋ ነው። በለቅሶው ጊዜ ሰው ሁሉ ሲያያት ደረቅ ብላ የቀረች ሴት፣ ኩሊው "ዞር በሉ!" እያለ በሚጋፋበት፣ ማንም ማንንም በማያይበት መንገድ ላይ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እየሄደች ካሳን አለቀሰችው። ስትቀመጥ የሚቋጠርባት ነገር ስትሄድ ይፈታል። ለምን እንደሆነ አታውቅም። ሐኪሙም ቢሆን አልነገራትም።

ጉዱ የመጣው በወሩ መባቻ፣ በራጉኤል ዕለት ነው። ስትመለስ ደከማትና የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳልማ ከአጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ዐረፍ አለች። ከጎኗ ማን ማን እንደተቀመጠ ልብ አላለችም፤ በረድፍ የተቀመጡት ነዳያን ናቸው። የዕለቱን ዝክር ይዛ የመጣችው ደግሞ እትዬ አስናቀች ናት፤ ባሏ ከአሸብር ሱቅ ሁለት ሱቅ ዝቅ ብሎ ይነግዳል። ዝክር የሚሰጥ ሰው የተቀባዩን ፊት አያይም፣ እጁን ነው የሚያየው። አስናቀችም አንገቷን ደፍታ በየእጁ እያስቀመጠች መጣችና ታንጉት መዳፍ ላይ ሩብ ዳቦና አሥር ሳንቲም አኖረች። ምን ታድርግ ታንጉት? በመልአኩ ስም የቀረበ ዳቦ ወደ ሰጪው አይገፋም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያወቀችው ይኼንኑ ነው። ተቀብላ ሳመችውና "እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ድምፅዋን ሰምታ ቀና ያለችው አስናቀች ቅርጫቷን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ታንጉት አጠፋች ከተባለ ያጠፋችው እዚህ ላይ ነው፤ ዳቦውን እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አንድ ፍርፋሪ ሳታስቀር በላችው። ርቧት ነበራ! ካሳ ከሞተ ወዲህ እህል አፏ ውስጥ ገለባ ገለባ ሲላት ከርሞ የዚያን ቀን ዳቦው ጣፈጣት። ሳንቲሙን ከጎኗ ላሉት ዓይነ ስውር ሰጥታ ለብቻዋ ፈገግ እያለች ነው ቤቷ የገባችው።

አስናቀች ክፉ ሴት አይደለችም፤ ከልቧ አዝና ነው ያወራችው። አዝኖ የሚያወራ ሰው ደግሞ ማን ዝም በል ይለዋል? በሦስተኛው ቀን የጨርቅ ተራው ሽማግሌና የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደሚካኤል አሸብር ሱቅ በር ላይ ቆመው፣ ገዢው እየሰማ፣ ኩሊው እየሰማ "ልጄ፣ እናትህን ማብላት ከከበደህ እኛ አለን አይደል እንዴ? ከዕድሩ እናዋጣለን" አሉት። ያን ማታ አሸብር እራት አልቀመሰም። ትናንት ማታ ነው እንግዲህ። ከእራት ተነሥቶ በቀጥታ የሄደው ወደ እናቱ ጫማ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ታንጉት በባዶ እግሯ ግቢው መሐል ጠብቃ ያዘችው። ሲሚንቶው ገና የሌሊቱን ቅዝቃዜ አልተወም። አሸብር ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ኮቱን ለብሶ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ወጣ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ይኼንን ታንጉትም ትመሰክራለች። አባቱ ከሞተ ወዲህ ግን ከእናቱ ጋር የሚያወራው ስለ ገበያና ስለ ጤና ብቻ ሆኗል፤ የአባቱን ስም አንድ ቀን አንሥቶ አያውቅም። እሷም አታነሣበትም።

"ጫማዬን አምጣ" አለችው።

"እማዬ፣ የት መሄድ ነው የፈለግሽው? ንገሪኝና በመኪና ላድርስሽ።"

"የትም መድረስ አልፈለግሁም። መሄድ ነው የፈለግሁት።"

"ሰው ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ?" አለ። "ልጁ መኪና ላይ ተንፈላሶ እናቱ ራጉኤል ደጅ ትለምናለች ነው የሚሉኝ።"

አዘነችለት። እውነቱን ነው፤ ይሉታል። እሱም ፊያት ስድስት መቶ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ከቤቱ እስከ ሱቁ አራት መቶ እርምጃ ነው፤ ታንጉት ቆጥራዋለች። አሸብር ግን መኪናዋን ከገዛ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን አራት መቶ እርምጃ አንድም ቀን በእግሩ ሄዶት አያውቅም፤ የፋብሪካ ወኪል መንገድ ላይ ቢያየው ምን ይለኛል ብሎ።

ተመልሳ አልጋዋ ጫፍ ተቀመጠች። ሙሉብርሃን ሻይና ዳቦ አምጥታ በርጩማ ላይ አስቀመጠችና አጠገቧ ቆመች፤ አንድ ነገር ልትል ፈልጋ ነበር፣ ግን አልቻለችም። ባሏ ነው፤ እናቱ ናት። ሁለቱም ሴቶች ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሻዩን አዩት። ሙሉብርሃን ስትወጣ ታንጉት ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ። የጎረቤት ቆርቆሮ እንደነበረው አለ። ሦስተኛው ሚስማር እንደዛገ ነው፤ ከሥሩ የወረደው ዝገት እንደነበረው ነው። ስምንት ወር ሙሉ ሚስማሮቹን ስትቆጥር ከርማለች፤ ሃያ ሰባት ናቸው። አንድ ብላ መቁጠር ስትጀምር ራሷን ሰማችና ልቧ ክፉኛ ፈራ። ዛሬ ከቀረች ነገም ትቀራለች። ነገ ከቀረች እግሯ ያብጣል፣ እንቅልፉ ይሄዳል፣ አቡነ ዘበሰማያቱም እዚያችው ቦታ ላይ ይቋረጣል። እንደገና እዚያ ውስጥ ከገባች መውጫውን እንደማታገኘው እርግጠኛ ነበረች። ነጠላዋን ከሚስማሩ አወረደችና ወጣች።

የግቢው ዘበኛ ወርቁ በር ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። የመንዝ ሰው ነው፤ የታዘዘውን ያደርጋል፣ ያልታዘዘውን አያደርግም፣ ከዚያ በላይ አይመራመርም።

"ወርቁ፣ በረባሶህን አውሰኝ።"

"ምኔን?"

"በረባሶህን። ቶሎ እመልስልሃለሁ።"

ወርቁ እግሩን አየ፣ እግሯን አየ፣ ወደ ሱቁ አቅጣጫ አየ። "ጌታው ቢጠይቁኝስ እትዬ?" "ወስዳዋለች በላቸው።" አወለቀና ሰጣት። በረባሶው ከእግሯ በአራት ጣት ይረዝማል፤ ከነጠላዋ ጫፍ የተቀደደ ክር አስራ አጠበቀችው። እንደምታውቁት በረባሶ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ነው የሚሠራው። መኪና ውስጥ አልገባም ያለች ሴት በመኪና ጎማ ወጣች።

ሰዓቱ ሁለት አልፏል። እንዲህ አርፍዳ ወጥታ አታውቅም፤ ገበያው ደርቷል። በሌላው ቀን የምታየው መንገድ የሚጠርጉትን፣ ዳቦ የሚያመላልሱትንና የሱቅ መዝጊያ የሚያነሡትን ነው። ዛሬ አህያው፣ ጋሪው፣ ፍራሽ የተሸከመው፣ ሦስት ከረጢት በርበሬ አንገቱ ላይ የጫነው ሁሉ ባንድ ላይ ፈሰሰባት። አንዲት ሴት አንድ ጣሳ ሽምብራ በስሙኒ አልሰጥም ብላ ትሟገታለች። የበረባሶው ጎማ ጠጠሩን ሲመታ ጥፍ ጥፍ ይላል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት መቶ እርምጃዎች ሰው ሁሉ እግሯን የሚያይ መስሏት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ትንፋሿ ቦታውን ያዘ፣ ትከሻዋ ወረደ፣ እጇ መወዛወዝ ጀመረ፤ ሰዉን ረሳችው። ሲኒማ ራስ ስትደርስ ገመድና ኬሻ የሚሸጠው ሽኩር ሱቁ በር ላይ ቆሟል። በየማለዳው ስታልፍ ሰላምታ ብቻ የሚለዋወጡ ሰዎች ናቸው፤ ስሟንም አያውቀውም። "እትዬ፣ ዛሬ ዘገዩሳ? አሞዎት ይሆን ብዬ ነበር" አላት። በረባሶዋን አየና ዓይኑን መለሰ። "ደህና ነኝ፣ ትንሽ ጉዳይ ይዞኝ ነው" አለችው። መንገዷን ቀጥላ ብዙ ከሄደች በኋላ ነው ነገሩ ልቧ ውስጥ የገባው። ከቤቷ ውጭ፣ በዚህ ሁሉ ትርምስ መሐል፣ አንዲት ሴት ስትዘገይ የሚያስተውል ሰው አለ። ደስ አላት።

ድልድዩ ላይ ደርሳ እንደ ልማዷ የድንጋዩን መከታ በመዳፏ ነካች። ከሥር ወንዙ ደፍርሶ ይወርዳል። ጥቂት ትንፋሽ ሰብስባ ዞር ስትል ፊያቷ ከፊቷ ቆመች። አሸብር የሂሳብ ደብተሩን ረስቶ ቤት ቢመለስ ዘበኛው በባዶ እግሩ ቆሞ አገኘው፤ ከዚያ ወዲያ መጠየቅም አላስፈለገውም፤ መንገድ ለመንገድ እየፈለጋት መጣ። አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ መጀመሪያ የእናቱን ፊት፣ ቀጥሎ የእናቱን እግር አየ። የወርቁ በረባሶ መሆኑን ሲያውቅ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ።

"ግቢ" አላት። "እማዬ፣ በፈጠረሽ ግቢ።"

"ሂድ ልጄ። እኔ እመጣለሁ።" መንገዷን ያዘች።

መኪናዋን አዙሮ ከጎኗ በእርምጃዋ ልክ ይነዳ ጀመር። ከኋላው ታክሲው ጡሩንባውን ነፋ፤ ከታክሲው ኋላ ያለው ባለጋሪ ደግሞ ፈረሱ ዳገት ላይ ቆሞበት ይሳደባል። አንዱ መንገደኛ "አንተ፣ ወይ ጫናት ወይ ተዋት!" ብሎ ሲጮህ ሰዉ ሳቀ። አሸብርን ላብ አጠመቀው። ጥግ ይዞ መኪናዋን አቆመና በሩን በኃይል ዘግቶ ወረደ። ሊይዛት ነው የወረደው፤ ክንዷን ይዞ ሊያስገባት። እሷ ግን ሃያ እርምጃ ያህል ቀድማዋለች፤ ከድልድዩ ወደ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ ዳገት ነው። ስትሰማው እየሮጠ መጣ፣ ቀጥሎ ሩጫው ቆመ፣ ቀጥሎ እርምጃው ከበደ። ከዚያ ምንም አልተሰማትም። ዞር ብትል ልጇ የመብራት እንጨት ታቅፎ ቆሟል። ኮቱ ተከፍቶ፣ አንድ እጁን ጎኑ ላይ አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። ትንፋሹ ሲገባ ጭርር የሚል ድምፅ አለው። ያንን ድምፅ ታንጉት ታውቀዋለች። ካሳ በመጨረሻው ዓመት የሱቁን ሦስት ደረጃ ሲወጣ ይኼ ድምፅ ነበረው።

ተመልሳ ወረደች። በነጠላዋ ጫፍ ግንባሩን ጠረገችለት፤ ይቆጣኛል ብላ አልፈራችም። "አባትህ እንዲህ ነበር የሚተነፍሰው" አለችው።

አሸብር አየት አደረጋት። ካሳ ከሞተ ወዲህ በሁለቱ መሐል ስለ እሱ የተነገረ የመጀመሪያው ነገር ነበር። ብዙ ቆይቶ ከእንጨቱ ተላቀቀና፣ ወደ መኪናው አየ፣ ወደ ዳገቱ አየ። መኪናዋ ሩቅ አይደለችም፤ ቁልቁል ነው፣ ሄዶ መግባት ይችላል። "ቀስ ብዬ ነው የምሄደው" አለችው ታንጉት። "ስትደክም ንገረኝ፣ እንቆማለን።" ቁልፉን ኪሱ ከተተና ተከተላት። ሦስት ቦታ ቆሙ። በመጀመሪያው ላይ እሱ ኮቱን አወለቀ። በሁለተኛው ላይ እሷ ራጉኤል ደጅ ደክሟት መቀመጧንና የዳቦውን ነገር አጫወተችው። በሦስተኛው፣ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ፣ የአሸብር ትንፋሽ ረጋ ብሎ፣ ፊቱም ወደ ሰው ፊት ተመልሶ ነበር። "ለካ እንዲህ ሩቅ ነው የምትሄጂው" አላት፤ የተገረመም ያፈረም ይመስላል።

ችግሩ ገና ነበር። ሲኒማ ራስን አልፈው ወደ ጨርቅ ተራው ሲታጠፉ አሸብር እርምጃው አጠረ። በዚህ ሠፈር መኪና ያለው ነጋዴ በእግሩ ከታየ የሚባለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ መኪናው ጋራዥ ገብቷል፣ ወይ ተሸጧል። ተሸጧል ከተባለ ደግሞ ማታውኑ ከሰረ ይባላል። የከሰረ ሰው እጁ ላይ ያለው ጨርቅ ሁሉ የሰው ጨርቅ ይመስላል፤ ገዢው ፊቱን ያዞራል። አሸብር ይኼንን ከልጅነቱ ጀምሮ ያየው ነገር ነው፤ በሌሎች ላይ ሲደርስም ከሚያወሩት አንዱ እሱ ነበር። አሁን ኮቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ የዘበኛ በረባሶ ካደረገች እናቱ ጎን ለጎን በጠራራ ፀሐይ ይሄዳል። በየሱቁ በር ላይ ጨርቅ የሚለካው እጁን አቆመ። እትዬ አስናቀችም ከባሏ ሱቅ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ወደ ውስጥ ገባች።

ጋሽ ወልደሚካኤል በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ከሩቅ ሲያዩዋቸው ቆዩ። ሲደርሱ ባርኔጣቸውን ለታንጉት ነካ አድርገው፣ ድምፃቸውን ለተራው ሁሉ በሚበቃ ልክ አውጥተው "ምነው አሸብር፣ መኪናዋ ጋራዥ ገባች እንዴ?" አሉ።

ሽማግሌው ክፉ አስበው አልነበረም፤ መውጫውን እያበጁለት ነው። አዎ ጋሼ ቢል ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ነገ መኪናዋ ሱቁ በር ላይ ትቆማለች፣ ማንም ምንም አይልም። ታንጉትም ይኼ ገብቷታል። ከማለዳ ጀምሮ ስትታገለው የዋለችው ልጇ ሰው ፊት ሲዋረድ ማየት አቃታትና "አዎ" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ልትዋሽለት ነበር፤ ለልጇ ስትል ነገም ከነገ ወዲያም ክፍሏ ውስጥ ልትቀመጥለት ነበር። አሸብር ቀደማት።

"ደህና ናት ጋሼ፣ ድልድዩ ጋ አቁሜያት ነው" አለ። "እናቴን ሐኪም ነው በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ ያላት። ራጉኤል ደጅም የተቀመጠችው ደክሟት ነው፤ ዳቦው በመልአኩ ስም ሲሰጣት በላችው። ዛሬ ልመልሳት ሄጄ ዳገቱ ላይ መከተል አቃተኝ። ይኸው እሷ ናት ያመጣችኝ።"

ጋሽ ወልደሚካኤል "እሰይ፣ ደግ አደረጋችሁ" አሉ። አሸብር ጆሮው ድረስ ቀልቶ እጅ ነሣና አለፈ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቀስ ብሎ "ማታ ከሰረ ይሉኛል" አላት። "ይበሉህ" አለችው። ሳቀ። አጭር ሳቅ ናት፣ አፍንጫው ላይ ያለቀች፤ ታንጉት ግን ከአንድ ዓመት ወዲህ ከዚህ ልጅ ሳቅ ሰምታ አታውቅም።

ሱቁንም አለፈው። ሱቁን ለመጠበቅ የተቀመጠው ሠራተኛ ብድግ ቢልም በእጁ ተቀመጥ ብሎት አለፈ። "አባባ እኮ ከደብረ ማርቆስ በእግራቸው ነው የመጡት" አለ፤ ለማን እንደሚናገር የማያውቅ ሰው ይመስላል፣ ወደ ፊቱ ነው የሚያየው። "አሥር ቀን ፈጀብኝ ይሉኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት በርጩማ ላይ ተቀመጡ።" ታንጉት አሁን አንድ ቃል ከተናገረች ይቆማል ብላ ፈራች። እሱም ቀጠለ። "የዚያን ዕለት ጠዋት ደረቴን አመመኝ ብለውኝ ነበር። ሱቁን ዘግቼ ሐኪም ቤት ልውሰድዎት አልኳቸው። ገበያ ነው ተወው አሉኝ። እኔም ተውኩት እማዬ። ደንበኛ ነበረብኝ፣ ተውኩት።" እግሩ አልቆመም። እየሄደ ነው የሚያለቅሰው፣ እንባውን በኮቱ እጅጌ እየጠረገ፤ ሰው ያየው አያየው ግድ አልነበረውም። ታንጉት አንድ ዓመት ሙሉ ልጄ አባቱን ረሳው ብላ ለብቻዋ ስትቀየመው ኖራለች። ለካ ይኼንን ተሸክሞ ነው ዝም ያለው።

"ገበያ ነው ተወው ሲሉኝ ሳቅ ብለው ነበር" አለ አሸብር። "ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ሻይ አዘዝኩላቸው..."

የግቢያቸው በር ጋ ደርሰው ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሙሉብርሃን ደረጃው ላይ ወጥታ ስትጠብቅ ታየቻት። አሸብር በሩን አላየውም፤ ስለ ሻዩ እየነገራት አለፈው። ታንጉት ግን በሩን አየችው። እርምጃዋን ከእርምጃው ጋር አስተካክላ፣ ከልጇ ጎን ወደ ሰባተኛ ሠፈር የሚወስደውን መንገድ ያዘች።